የአሮኤይራ እግር

ሴሮቴ፣ ሴአራ
ኖቬምበር 11 ቀን 1996

ለልጅ ልጄ ለኤሪቫልዶ፤

ቡራኬ ከጠየቅከኝ ወራት አለፈ። ሳትጠይቅም እግዚአብሔር ይባርክህ፤ እኔ ቡራኬ ቸርቻሪ አይደለሁም።

አያትህ ዜፌሪኖ ደህና ነኝ። ዓይኔ ያያል፣ እጄ ይሠራል፣ የጥርሴን ነገር ተወው። የምነግራትን የምትጽፍልኝ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጣችው ዶና ኢራሴማ ናት። ስድብ አልጽፍም ብላኛለች። ደብዳቤው አጭር መስሎ ከታየህ የጎደለውን አንተው ሙላው።

ቅዳሜ ፂሜን ልላጭ ኦስማር ጋ ሄድኩ። ምላጩን አንገቴ ላይ አሳርፎ፣ ወንበር ላይ የተኮለኮለው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ዜፌሪኖ፣ አሮኤይራህ ተሰበረ አሉ» አለኝ። ለካ የፎርታሌዛ ሬዲዮ ተናግሮ ኖሯል። አሮኤይራ የሚባለው የሴአራ ተከላካይ ቤልጂየም አገር ጉልበቱን ተጎድቷል፣ ዳግም መጫወቱም ያጠራጥራል ብሎ። ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው ምን ይመልሳል? ዝም አልኩ።

ይህን ከፀጉር አስተካካይ አፍ መስማት ነበረብኝ? አሮኤይራ ብለን ስም ያወጣንልህ እኛ ነን። በዚህ ደረቅ አገር ምሳር የሚያጥፈው ዛፍ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው ያንን ስም የሰጠንህ።

ምላጩን ሲያነሳ ግን አፌን ከፈትኩ። እሱም አልተኛልኝም። «ልጅህ ስምንት አገር የዞረው የሚያቆየው አጥቶ ነው» አለ። «ጥሩ ምሳር ነው ከቤት ቤት የሚዋሱት፤ ያንተን ምላጭ ማን ተውሶ ያውቃል?» አልኩት። ሰዉ ሳቀ። እሱ ግን የመጨረሻዋን ደብቆ አቆይቷት ነበር። «የምትኮራበትን ጨዋታ አንድ ቀን በዓይንህ አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

አላየሁም። ሕፃን ሆነህ በወንዙ ዳር ሜዳ ካየሁህ ወዲህ አላየሁም። የዶና ኢራሴማ ቴሌቪዥን የሀብታም አገር ኳስ እንጂ አንተ ያለህበትን አያሳይም። ከኦስማር ሱቅ ወጣሁና በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ።

ስለት ተስያለሁ። ለካኒንዴው ቅዱስ ፍራንሲስኮ ነው። ጉልበትህ ድኖ እንደገና ከተጫወትክ፣ እግርህን በእንጨት እጠርባለሁ፤ አንተ ደግሞ ለበዓሉ በባዶ እግርህ፣ በአናትህ ተሸክመህ ካኒንዴ ታደርሰዋለህ። አብረን ነው የምንሄደው። ዕድሜዬን ሙሉ የዳነ ሰው ለቅዱሱ የሚያስገባውን የእንጨት እግር፣ እጅ፣ ራስ ስጠርብ ኖሬ ለገዛ ቤቴ አንድም ጠርቤ አላውቅም።

ገንዘብ አትላክ። የምፈልገው የእግርህን ልክ ነው። ከዳሌህ እስከ ተረከዝህ በክር ለክተህ ላክልኝ።

አውራ ጣቴን አሳርፌያለሁ፤
ዜፌሪኖ


ቤልጂየም
ዲሴምበር 20 ቀን 1996

ለተከበሩት አያቴ፤

ይባርኩኝ አባባ። ዝም ያልኩት እንዳያስቡ ብዬ ነበር። ባሰ።

ነገሩ ሬዲዮው እንዳጋነነው አይደለም። ጉልበቴ ነው። ከፍተው አስተካክለውታል፤ አሁን በክራንች እሄዳለሁ። ሐኪሙ የፕላስቲክ ጉልበት አምጥቶ እያገጣጠመ ሲያስረዳኝ የእርስዎ የእንጨት መሥሪያ ጓዳ ትዝ አለኝ። የእሱ ጉልበት ከእርስዎ አይደርስም፤ ቆዳ የለውም፣ ፀጉር የለውም፣ የማንም ጉልበት አይመስልም።

ስለ ሥራዬ አይጨነቁ። ክለቡ ደህና ይዞኛል።

ለኦስማር ይህንን ይንገሩልኝ። ተከላካይ አዲስ አገር ሲገባ መጀመሪያ የሚማረው ቃል እንጀራ አይደለም፣ ደህና አደርክም አይደለም። «ውጡ» የሚለውን ነው። ኳሱ ሲመለስ ጓደኞቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ፊት የሚያስወጣበት ቃል ነው። እኔ በስምንት አገር ቋንቋ «ውጡ» እላለሁ፤ በስምንቱም ሰው ይወጣል። ፖርቱጋል ደሴቷ ላይ ነፋሱ ቃሉን ሲወስድብኝ በእጄ አስወጣቸው ነበር። ቱርክ አገር ደግሞ የአምበልነቱን ጥብጣብ ከክንዱ አውልቆ የሰጠኝ የአገሩ ሰው ነው።

ክር ስላጣሁ የታኬታዬን ማሰሪያዎች ቀጣጥዬ ለክቼያለሁ። ቋጠሮው ዳሌ ነው፣ የተቃጠለው ጫፍ ተረከዝ ነው።

አንድ ነገር ግን አባባ። በዓሉ የሚውለው ኦክቶበር ላይ ነው። ያኔ እዚህ ጨዋታው የሚሞቅበት ነው፤ ማንም ፈቃድ አይሰጥም። ለገና ብንወስደው ቅዱሱ ይቀየማል?

ልጅዎ ኤሪቫልዶ


ሴሮቴ
ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1997

ኤሪቫልዶ ልጄ፤

እግዚአብሔር ይባርክህ፣ የሚያክምህንም እጅ ይባርክ።

ቅዱስ ፍራንሲስኮ አሰልጣኝህ አይደለም፤ ቀን አይቀያይርልህም። የተሳልኩት ለበዓሉ ነው፤ በበዓሉ ይገባል።

እግሩ አልቋል። ሰው ሁሉ ስለት የሚያስጠርበው ከኡምቡራና ነው፤ እንደ አይብ ይቆረጣል፣ እንደ ላባ ይቀላል። የዳቦ ጋጋሪ እግር ቢሆን እኔም በኡምቡራና እጨርሰው ነበር። ያንተን ግን ከአሮኤይራ ነው የጠረብኩት። ሁለት መሮ በልቶብኛል። ዶና ኢራሴማ «ምናለ ቀላሉን ብትጠርብ፤ በአናቱ የሚሸከመው እኮ ልጁ ነው» አለችኝ። የአውሮፓን አጥቂዎች በጀርባው ሲያዝል የኖረ ሰው እንጨት ያቅተዋል?

ባቱን አይተህ ታውቀዋለህ። የቁርጭምጭሚትህን አጥንት አወጣሁት፣ ኳስ የመታው የጣትህን ጥፍር እንኳ ጥቁር አድርጌ አቃጠልኩት። ጉልበቱ ላይ ደግሞ ከካሹ ዛፍ ወድቀህ የተሰፋኸውን ጠባሳ በቢላ ጫፍ አስገባሁ። በራፌ ላይ አቁሜዋለሁ። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየዋል። አንዲት ሴት ከብት ገበያ ልትሄድ ስታልፍ «ይሄ ይራመዳል» ብላ አማትባለች።

ኦስማርም መጣ። ዞረው፣ በጥፍሩ መታው፣ ሊያነሳው ሞክሮ እስከ ጉልበቱ ብቻ አደረሰው። «ይህንን ተሸክሞ ካኒንዴ? ያውም በባዶ እግሩ? ያውም የአውሮፓ ምንጣፍ የለመደ ሰው?» አለ። ከዚያ በሰው ፊት እንዲህ ሲል ማለ፦ «ልጅህ መጥቶ ይህንን ካደረሰ እስክትሞት ድረስ በነፃ እላጭሃለሁ።»

ሰምተሃል። ከዶና ኢራሴማ ልጅ ካሜራ ተውሰን ፎቶ አንስተነዋል። እነሆ።

ዜፌሪኖ፣ በአውራ ጣቴ


ቤልጂየም
ማርች 9 ቀን 1997

ለተከበሩት አያቴ፤

ይባርኩኝ አባባ። ፎቶው ደረሰኝ። ልብስ መቀየሪያ ክፍላችን ውስጥ ለጠፍኩት። ግብ ጠባቂያችን የማን እግር እንደሆነ ወዲያው አወቀ።

እንዴት እንደምነግርዎ ጨንቆኝ ነው የቆየሁት። አባባ፣ የጠረቡት ግራውን ነው። ከካሹ ዛፍ የወደቅኩት በግራዬ ነበር፤ እውነት ነው። አሁን የተጎዳው ግን ቀኙ ነው።

ክራንቹን ጥያለሁ። ልምምድ ጀምሬያለሁ፤ ቀኙን ግን ስመታበት አላምነውም። በእኔ ቦታ አንድ ወጣት ገብቷል። ጥሩ ልጅ ነው። ክረምቱ ዘንድሮ ረዝሟል።

ልጅዎ ኤሪቫልዶ


ሴሮቴ
ኤፕሪል 14 ቀን 1997

ኤሪቫልዶ፤

ቢሆንም እግዚአብሔር ይባርክህ።

«ጉልበቴ ነው» ብለህ ጻፍክልኝ። የትኛው ብለህ ጻፍክ? ሰው ሁለት ጉልበት እንዳለው ረስተሃል? በዚህ ቤት «የኤሪቫልዶ ጉልበት» ከተባለ የካሹው ጉልበት ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እሱ ነው። ዶና ኢራሴማ ደብዳቤህን ስታነብልኝ «የጠረቡት ግራውን ነው» የሚለው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አስቀምጣ እስክታለቅስ ሳቀች። ለማንም እንዳትናገሪ አልኳት። ምሳ ሳይደርስ ኦስማር ያውቅ ነበር።

«ዜፌሪኖ፣ ጎረቤት ሲታመም ለጎረቤቱ መድኃኒት ሰጠህ» አለኝ። የመለስኩለትን ዶና ኢራሴማ አልጽፍም አለች።

ቄሱ ሌላ ጥረብ አሉኝ። ለምን? ቅዱስ ፍራንሲስኮ ልብስ ሰፊ ነው፣ ልኩ አልሆነም ብዬ የምመልስለት? ያሳየሁት ግራህን ነው። እሱም ሲጠብቅ የከረመው ግራህን ነው። እንግዲያው በግራህ ተጫወት።

ደግሞም ግራህን ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ለመንደሩ ቡድን ስከላከል የነበረኝ ታኬታ አንዱ እግር ወንዝ ገብቶ የቀረው የግራው ብቻ ነበር። አንተ ልጅ ሆነህ ያንን ነው ያደረግሁልህ፤ በባዶ እግር የደረቀ ኳስ መምታት ስለሚያም ሁሉንም በግራህ ትመታ ነበር። የፎርታሌዛ ሰዎች መጥተው ሙሉ ጫማ ሲሰጡህ ነው ቀኝህን ያስታወስከው። ያ ግራ እግር አልሄደም፤ እዛው ነው ያለው።

ወጣት ገባብኝ ብለህ ደግሞ ለእኔ አትጻፍ። እሱ «ውጡ» ማለትን በስንት ቋንቋ ያውቃል?

እግሩ በራፍ ላይ ቆሟል። ለበዓሉ ትወስደዋለህ።

ዜፌሪኖ


ቤልጂየም
ጁን 2 ቀን 1997

ለተከበሩት አያቴ፤

ይባርኩኝ አባባ፣ ዛሬ ግን ሁለት ጊዜ ይባርኩኝ።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ከልምምድ በኋላ ብቻዬን እየቀረሁ ግድግዳ ላይ በግራዬ መምታት ጀመርኩ። አሰልጣኙ በመስኮት ያየኝ ነበር። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ደረሰ። ከተሸነፍን ወደ ታችኛው ሊግ ልንወርድ ነው። በግራ በኩል የሚከላከሉት ሁለቱም በካርድ ታግደዋል። አሰልጣኙ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቶ የለጠፍኩትን ፎቶ አየ፣ እኔን አየ። «ግራ ነው አይደል?» አለኝ። «ግራ ነው» አልኩት።

አባባ፣ ተጫወትኩ። እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ። ሊያልቅ ሲል፣ እኩል ለእኩል ሆነን፣ ከማዕዘን የተሻገረ ኳስ ግብ ጠባቂያችንን አልፎ ወደ ባዶው መረብ ሄደ። ቀኜ መሬት ላይ ቆሞ ነበር። ግራዬን ወረወርኩት። ኳሱ መስመሩ ላይ ነካኝ፤ ከሜዳው ውጭ ወጣ። ስታዲየሙ በሙሉ «አሮኤይራ» እያለ ሲጠራ በራሳቸው አፍ አበላሽተው ነበር የሚጠሩት፤ ግን እርስዎ ያወጡልኝ ስም ነው።

አልወረድንም። ስለቱ ሰምሯል።

በማግስቱ ክለቡ ጠርቶ አመሰገነኝ፣ አበባ ሰጠኝ፣ ውሌንም አላደሰም። አሁን ከቆጵሮስ ጥያቄ መጥቷል። ለአንድ ዓመት ነው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ከዚህ በኋላ ሌላ ይመጣል ብዬ አልዋሽዎትም። ችግሩ የእነሱ ጨዋታ በበዓሉ ሰሞን ነው የሚጀምረው። ለአዲስ ተጫዋች በዚያን ጊዜ ፈቃድ የሚሰጥ ክለብ በስምንቱም አገር አላየሁም። አንዱን መምረጥ ሊኖርብኝ ነው። ምን ላድርግ?

ደግሞ አንድ ነገር። መጀመሪያ «አብረን ነው የምንሄደው» ብለው ነበር። በመጨረሻው ደብዳቤ «ትወስደዋለህ» ሆነ። ለምን?

ልጅዎ ኤሪቫልዶ


ሴሮቴ
ጁላይ 7 ቀን 1997

ኤሪቫልዶ የኔ ልጅ፤

እግዚአብሔር አንዴም፣ ሁለቴም ይባርክህ።

ደብዳቤህን ዶና ኢራሴማ የኦስማር ሱቅ በር ላይ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው። እኔ አላዘዝኳትም፤ አልከለከልኳትምም። ኳሱ መስመሩ ላይ የነካህ ጋ ስትደርስ ደግማ እንድታነበው የጠየቃት ኦስማር ራሱ ነው። ከዚያ ግን «ወረቀት ላይ ማን አይጫወትም» አለና ወደ ምላጩ ተመለሰ።

ለጥያቄህ ይኸውልህ። ለክለቡ ባለቤት ስለ እግሩ ንገረው። የቤተሰብ ጉዳይ አለብኝ እያልክ አትሽኮርመም። አያቴ በስሜ ተስሎብኛል፣ ከአሮኤይራ የተጠረበ እግር በራፉ ላይ ይጠብቀኛል በለው። ጉልበት የሚያውቀው ሐኪም ነው፤ ስለትን ግን ሰው የሆነ ሁሉ ያውቃል።

እምቢ ካለህ ፈርምና ተጫወት። የምልህን ስማ፤ ፈርም። ስምንት አገር «ውጡ» ብለህ ስታስወጣ የኖርከው ለእኔ በር ላይ ማጌጫ እንድትሆን አይደለም። አሮኤይራን ምስጥ አይበላውም። ከእኔ በላይ ይቆያል፤ ባመቸህ ዓመት መጥተህ ትወስደዋለህ። ኦስማርን እኔ እችለዋለሁ።

ስለ «አብረን» ጠይቀኸኛል። ዶና ኢራሴማ ወረቀቱ ሞላ ትላለች።

ዜፌሪኖ


ሊማሶል፣ ቆጵሮስ
ኦገስት 18 ቀን 1997

ለተከበሩት አያቴ፤

ይባርኩኝ አባባ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። የክለቡ ባለቤት ወፍራም፣ ቁጡ፣ የወይራ ዘይት ነጋዴ ነው። ውሉ ጠረጴዛ ላይ፣ እስክሪብቶው እጄ ላይ እያለ ስለ እግሩ ነገርኩት። አስተርጓሚው ሲጨርስ ሰውዬው ተነሳ፣ መኪናው ውስጥ አስገባኝ፣ አንድ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ወሰደኝ።

አባባ፣ ተሰቅለው ያየሁትን ቢያዩ። እግር፣ እጅ፣ ጡት፣ የሕፃን ራስ፤ ሁሉም ከሰም የተሠራ። ባሕር አቋርጬ የእርስዎ የእንጨት መሥሪያ ጓዳ የገባሁ መሰለኝ። ሰውዬው አንዱን እጅ አሳየኝ፤ የእናቱ ነው። «ዕዳውን ያልከፈለ ተከላካይ በግብ ጠባቂዬ ፊት አላቆምም፤ ጦሱ ለእኔ ይተርፋል። ሂድ፣ ክፈል፣ ተመለስ» አለኝ። «ከምን እንጨት ነው?» ብሎም ጠየቀኝ። ነገርኩት። «ከባድ ነው?» አለ። «አያቴን አታውቃቸውም» አልኩት።

ለበዓሉ እመጣለሁ። ኦስማር ምላጩን ይሳል።

ልጅዎ ኤሪቫልዶ


ሴሮቴ
ኦክቶበር 27 ቀን 1997

ለልጅ ልጄ ለኤሪቫልዶ፣ ቆጵሮስ፤

እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ያንን የዘይት ነጋዴም ይባርከው።

በሰላም መግባትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እዚህ ሳለህ ብዙ አላወራንም፤ ሁለታችንም ወሬ አንችልም። አሁን ዶና ኢራሴማ ወረቀት ጨምራ ይዛለች።

ዳሌዬ እንደከዳኝ ስትመጣ አየህ። ከመቀመጫዬ ለመነሳት ስታገል አይተህ አንድም ነገር አላልክም፤ ጥሩ አደረግህ። እግሩን በአናትህ ከማሳረፍህ በፊት ወንበሬን ከጓዳ አውጥተህ በራፍ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙረህ ስታስቀምጠው ገባኝ። «አብረን ነው የምንሄደው አባባ፤ እርስዎ ከዚህ ነው» አልከኝ። እሺ።

አንተ ወደ ኋላ ስላልዞርክ ያላየኸውን ልንገርህ። መንገዱ ሁሉ በሰው ተሞላ። ኦስማር ግማሽ ፂሙ በአረፋ የተሸፈነ ደንበኛ ጥሎ ወጣ፤ ደንበኛውም ተከትሎት ወጣ። ሁለቱም ከወንበሬ አጠገብ ቆሙ። አንተ በባዶ እግርህ፣ አሮኤይራውን በአናትህ፣ አንድ እጅህን ብቻ ደግፈህ ትሄዳለህ። መታጠፊያው ጋ የከብት መኪና ደረሰብህ፤ ሹፌሩ መኪናው ላይ ውጣ ብሎ በእጁ ሲጠራህ አየን። አንተ መንገዱን ለቀህ አሳለፍከው፣ አቧራው ሸፈነህ፣ ከአቧራው ስትወጣ አካሄድህ ያው ነበር። እግሩ አልተነቃነቀም።

«አይጥለውም» አለ ኦስማር፣ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ።

«ተከላካይ ነው» አልኩት።

ኮረብታው እስኪሰውርህ ድረስ አየሁህ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቀኝ ኦስማርን ቀና ብዬ አየሁት። «አይተህ ታውቃለህ ብለኸኝ ነበር። አሁን አየሁ» አልኩት። ደንበኛው አረፋው ደርቆበት ቤቱ ሄደ።

ከካኒንዴ የተመለሱ ሰዎች በስለት ቤቱ ከተሰቀሉት ነጫጭ እግሮች መካከል ጥቁሩ አንድ ብቻ ነው ይላሉ። ጠባቂው በሁለት ሰው አሰቅሎታል አሉ። ግራ መሆኑን ያየ ሁሉ ግራ እግሩ ነበር የታመመው ይላል። ይበል። ቅዱሱና እኛ እናውቃለን።

እኔ አሁን በየቅዳሜው በነፃ እላጫለሁ። ኦስማር መላጨቱ አልከበደውም፤ የከበደው ዕድሜዬ ነው። «እስክትሞት ስል ይህንን ያህል ትቆያለህ ብዬ አልነበረም» ይላል። ባለፈው ቅዳሜ ምላጩን አንገቴ ላይ አሳርፎ፣ ለአዲስ እንግዳ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የዚህ ሰውዬ ልጅ ዘንድሮ ዘጠነኛ አገሩን እየጠበቀ ነው። ሁሉም ይዋሰዋል፤ ጥሩ ምሳር ነው» አለ።

ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው ምን ይመልሳል? ዝም አልኩ። ሳቄ ግን አልታዘዘኝም፤ አንገቴ ሲነቃነቅ ትንሽ ቆረጠኝ።

አልከፈልኩምና አልተቀየምኩትም።

አያትህ ዜፌሪኖ፣ በአውራ ጣቴ